አምስት ሚሊሜትር

ኢዋናጋ ሱሚዮ አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ የብስክሌት ፍሬም ሲሠራ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ እሱንም ለመጣ ሁሉ ገና በሩ ላይ ይናገራል። «ቁጥሩ ያንተ፣ ብየዳው የኔ።» ኩሩሜ ከተማ ውስጥ፣ ከወንዙ ወዲህ፣ በአንድ ጎማ ጠጋኝና በአንድ የተዘጋ መታጠቢያ ቤት መካከል ያለችው ወርክሾፑ ለሁለት መኪና ማቆሚያ እንኳ አትበቃም። ወደዚያ የሚመጣው ለልጁ ብስክሌት የሚገዛ ወላጅ አይደለም። መም ላይ ፍሬን በሌለው ብስክሌት ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ እንጀራውን የሚያገኝ ሰው ገንዘብ የሚወራረድበት የኬይሪን እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጭኑንና ክንዱን በሚሊሜትር ያውቃል፤ ባያውቅም አውቃለሁ ይላል። የትዕዛዝ ወረቀቱን በራሱ እጅ ይሞላል፤ ከኮርቻው እስከ መሪው ያለው የላይኛው ቱቦ ይህን ያህል፣ የኮርቻው ቱቦ ይህን ያህል ብሎ ከታች በፊርማ ፈንታ የስሙን ማኅተም ያሳርፋል። ሐሳቡን ከለወጠም ራሱ በሁለት መስመር ይሰርዛል፣ አዲሱን ቁጥር ከላይ ይጽፋል፣ ስረዛው ላይ ዳግመኛ ማኅተሙን ያደርግበታል። ላጲስ እዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም።

ወረቀቶቹ በየዓመታቸው ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተከተው መደርደሪያው ላይ ተሰልፈዋል። ኢዋናጋ ከሚስቱ ቀጥሎ የሚያከብረው ነገር ቢኖር እነዚያን ቆርቆሮዎች ነው። ሚስቱ ፉሳኤ ግን «ቀጥሎ» የሚለውን አትቀበለውም።

«እሳት ቢነሳ መጀመሪያ የምታወጣው ቆርቆሮህን ነው» ትለዋለች።

«አንቺማ እግር አለሽ» ይላታል።

እንግዲህ ይህ ሰው፣ ይህን ሕግ እንደ ጸሎት የሚደግም ሰው፣ ሕጉን ያፈረሰ ሰው ነበር። ይህን ከእሱ በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የካቲት ላይ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አንድ ሰው በሩን ገፋ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀ። ጭኑ ሱሪውን የወጠረ፣ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ጎልማሳ ነው። ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና «ኩሮጊ ሃያቶ እባላለሁ፤ የኩሮጊ ማሳሃሩ ልጅ ነኝ» አለ።

ኢዋናጋ ሞረዱን አስቀመጠ። ኩሮጊ ማሳሃሩን ኩሩሜ ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ ያውቀዋል። ግማሹ በስሙ ተወራርዶ በልቷል፤ ግማሹ በስሙ ተወራርዶ ሚስቱ ተቆጥታዋለች። ኢዋናጋ ደግሞ አሥራ አንድ ፍሬም ሠርቶለታል።

ፉሳኤ ሻይና የኮመጠጠ የሰናፍጭ ቅጠል ይዛ መጣች። እንግዶች የሚቀመጡት ከወርክሾፑ ጥግ ከፍ ባለው ምንጣፍ ላይ ነው፤ ለዚያም ጫማ ይወልቃል። ሃያቶ ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል ቀኝ እጁ ሳያውቀው ወደ ወገቡ ሄደ። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የተነሣው ግን ግድግዳ ይዞ ነው። ኢዋናጋ አየ፤ ይህ ሰው ሲፈጥረው እግርና ወገብ ያያል።

«እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው ያለኝ» አለ ሃያቶ። ነገሩን ማስረዳት አላስፈለገውም። በየስድስት ወሩ ነጥብ ይደመራል፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከታች የቀረ ተወዳዳሪ ስሙ ከመዝገብ ይወጣል፣ ከወጣም አይመለስም። ሃያቶ ሁለቱን ጨርሶ ሦስተኛው ላይ ነው። «ሚያዝያ ላይ ይደርስልኛል?»

«ወረፋ አለ።»

«የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመትም ለአባቴ እንደዚሁ ብለውት ነበር» ብሎ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ኢዋናጋን ግን ልቡ ላይ ወጋው።

«ለምን ወደኔ መጣህ?» ይህን ማንንም ጠይቆ አያውቅም ነበር።

«እስከ ዛሬ የሚሠራልኝ ሰው ጥሩ ነው፤ አላማውም። ወረቀት ላይ ያልኩትን አንድ ሚሊሜትር አያዛንፍም። ግን አባቴ ያሸነፈው በርስዎ ፍሬም ነው። ቁጥራችን ደግሞ አንድ ነው፤ የላይኛው ቱቦ አምስት መቶ ሠላሳ አምስት። ቁጥሩ አንድ ከሆነ ልዩነቱ የርስዎ እጅ መሆን አለበት ብዬ ነው።»

ኢዋናጋ የሻይ ስኒውን አስቀመጠ።

«ወገብህን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?»

«አባባ ሰነፍ ወገብ ነው ይላል።» ሃያቶ ጭንቅላቱን አከክ አከክ አደረገ። «አንድ ጊዜ መሪውን ትንሽ ወደኔ አቅርቤው ነበር። ልምምድ ላይ አይቶ በራሱ እጅ መለሰው። አባቴ ብቻ ቢሆን እከራከረው ነበር፤ ግን አስተማሪዬም ነው።»

በዚያ ሥራ በአንድ አስተማሪ ስም የተመዘገበ ተማሪ አስተማሪውን አይከራከርም፤ ሠላሳ ዓመት ቢሞላውም፣ ሚስት ቢያገባም አይከራከርም። ሃያቶ ወረቀቱን ስቦ ሞላ። ለላይኛው ቱቦ አምስት መቶ ሠላሳ አምስት ብሎ ጥርት ባለ እጅ ጻፈ፣ ማኅተሙን አሳረፈ፣ እጅ ነስቶ ወጣ። ኢዋናጋም ወረቀቱን ተቀበለ። ምንም አላለም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኢዋናጋ ዝምታ ግን ሠላሳ ስድስት ዓመት ተቀምጦ ነቅዞ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመት ማሳሃሩ በመጨረሻው ጥምዝ ላይ ወደቀ፤ ሦስት ብስክሌት በላዩ ሄደበት። የትከሻ አጥንቱና ወገቡ ተሰበረ። ከሰባት ወር በኋላ ድኛለሁ ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢዋናጋ መጣና ወረቀቱ ላይ የድሮውን ቁጥር፣ አምስት መቶ ሠላሳ አምስትን ጻፈ። ምንጣፉ ላይ ሊቀመጥ ሲል ግን ጫማውን በእጁ አላወለቀም፤ ተረከዝ በተረከዝ ገፍቶ ነው ያወለቀው። ኢዋናጋ ይህን አየና የሰውየው ወገብ እንደ ድሮው እንደማይታጠፍ ዐወቀ። «ቀንስ፣ መሪው ይርቅብሃል» ማለት ነበረበት። ማሳሃሩ ግን «ሜትር የሚይዝ ራሱን የማያውቅ ሰው ነው፤ የኔ ሜትር ገላዬ ነው» እያለ በየመጠጥ ቤቱ የሚደነፋ ሰው ነበር። ቢነግረው ተቆጥቶ ወደ ሌላ ሠሪ ይሄዳል፤ እዚያ በጻፈው ቁጥር ይሠራለታል፤ በዚያው ያበቃል።

ስለዚህ ኢዋናጋ ቱቦውን አምስት መቶ ሠላሳ ላይ ቆረጠው። ወረቀቱን እንዳለ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተው።

ፍሬሙን ካስረከበ በኋላ አንድ ሳምንት እንቅልፍ አልነበረውም። በስምንተኛው ቀን ማሳሃሩ በሩን በርግዶ ገባ። «አየህ! የኔ ቁጥር ሲሆን እንዲህ ነው የሚሄደው!» ብሎ ትከሻውን መታው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ትልቁን ውድድር አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ያዘዛቸው አሥር ፍሬሞች ሁሉ ወረቀታቸው ሌላ፣ ብረታቸው ሌላ ነበር።

ደግነት ነበር እኮ። ይህንን ማንም ሊክደው አይችልም፤ እኔም አልክደውም። ግን ለአንድ ሰው ሳትነግረው መልካም ስታደርግለት ስለራሱ ያለውን እውቀት ትሰርቀዋለህ፤ ያ ሰው ደግሞ ያለ ጥፋቱ በውሸት መማል ይጀምራል። ማሳሃሩም ማለ። ልጁ ለአቅመ ውድድር ሲደርስ እየሳቀ መጣ፤ «ለልጄም ያቺኑ ቁጥር ሥራለት» አለ። ኢዋናጋ ያኔ ፈራ። በወረቀቱ ልክ ቢሠራ ማሳሃሩ ለመሞከር መውጣቱ አይቀርም፤ ሲወጣ ገላው «ይሄ የኔ አይደለም» ይለዋል። ቀንሶ ቢሠራ ደግሞ ልጁ እንደ አባቱ አይደለም፤ ሚሊሜትር በሚለይ መለኪያ፣ በካሊፐር ይለካል። «ወረፋዬ ለሁለት ዓመት ሞልቷል» ብሎ ዋሸው። ልጁም ሌላ ሠሪ ጋ ሄደ፤ ያ ቅን ሰው የተባለውን ሠራለት። ከዚያ ወዲህ ኢዋናጋ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣው ላይ የሃያቶን ውጤት እያየ ይቀመጣል። ስድስተኛ፣ ስምንተኛ፣ ሰባተኛ። «አቅም የለውም ማለት ነው» ይልና ጋዜጣውን ያጥፋል።

ሃያቶ በመጣበት ቀን እራት ሲቀርብ ኢዋናጋ የመመገቢያ እንጨቶቹን አንሥቶ መልሶ አስቀመጣቸው።

«ዓሣው ምን በደለህ?» አለች ፉሳኤ።

ያኔ ነገራት። ሠላሳ ስድስት ዓመት የያዘውን ሩዙ ሳይቀዘቅዝ ተናግሮ ጨረሰው። ፉሳኤ ሰምታ ሰምታ፣ «እኔ እኮ ያኔ ሌላ ሴት የያዝክ መስሎኝ ነበር» አለች። «ሳምንቱን ሙሉ ስትገላበጥ።»

«ሴት?»

«ሴት ብትሆን ይሻል ነበር። የሴት ነገር በእኔ ብቻ ነበር የሚያልፈው።»

 ኢዋናጋ፣ «አሁንም ቀንሼ ልሠራለት እችላለሁ። የልጁ ወገብ ዐጭር ነው፤ የናቱ ነው። እርግጥ በካሊፐር ይለካዋል፤ ሲለካው ተሳስቼ ነው እለዋለሁ። ፍሬሙን እስኪመልስልኝ ግን ይሻለዋል» አለ።

«ሲሻለው አባትየው ምን እንደሚል ልንገርህ? ‹አየህ፣ ቁጥሬ!› ነው የሚለው። ነገ ደግሞ ለልጅ ልጁ ያወርሰዋል። አንተም ያኔ ሞተሃል፤ ማን ሊቀንስለት ነው?» ዓሣውን ከፊቱ ሳብ አደረገች። «ወይ ብላ ወይ ሂድና ተናገር።»

በማግስቱ ጠዋት ኢዋናጋ ቱቦውን ሞርሳው ላይ አሰረ። በጭረት ምልክት አደረገበት፤ መጋዙን አስቀመጠበት። አንዴ ቢስብ ነገሩ ሁሉ እንደ ድሮው በጸጥታ ያልፍ ነበር። እጁ ግን አልሄድ አለው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቱቦውን ፈታ፣ እጁን በአመድ ሳሙና ታጠበ፣ ለቀብር የሚለብሰውን ኮት ለበሰ፣ ረጅሙን ካሊፐር በጨርቅ ጠቀለለ፣ በመንገዱ የጣፋጭ ሣጥን ገዛና ወደ ኩሮጊ ቤት ሄደ።

ማሳሃሩ ደጁ ላይ በሸክላ የተከለውን የአዛሊያ አበባ ይከረክም ነበር። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጸጉሩ ሸሽቷል፣ አንገቱ ግን ዛሬም የኮርማ አንገት ነው።

«ኢዋናጋ ሳን!» አለ፣ እንደ አገሩ ልማድ በክብር ጠርቶት። «ምን እግር ጣለህ? ማን ሞተ፣ ኮት ለብሰሃል?»

«ልጅህ ቤት አለ? ለሁለታችሁም የምናገረው ነገር አለኝ።»

የእንግዳ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ቀይ ፍሬም ተሰቅሏል፤ ማሳሃሩ ትልቁን ውድድር ያሸነፈበት ነው። ሥሩ ላይ አቧራ የለም። ሃያቶ ከልምምድ ተመልሶ ፎጣ አንገቱ ላይ እንዳደረገ መጣና ከአባቱ ኋላ ተቀመጠ። ኢዋናጋ ተንበረከከ፤ ሁለት እጁን ምንጣፉ ላይ አድርጎ ግንባሩን እስከ ምንጣፉ አወረደ።

«ማሳሃሩ ሳን፣ ቁጥርህን ቀንሼብሃለሁ።»

«ምን አልክ?»

«የላይኛው ቱቦ። አምስት ሚሊሜትር። ከወደቅክ በኋላ የሠራሁልህን አሥራ አንዱንም።»

ማሳሃሩ ሳቀ። «እርጅና ሳናየው መጣብህ በለኛ! በአምስት ሚሊሜትር የተለወጠ ፍሬም ላይ እኔ ወጥቼ የማላውቀው? እኔ? በብርዱ ወራት የኮርቻው ቆዳ ሲጠብቅ እንኳ የማውቅ ሰው!»

«አውርዱትና ለኩት» አለ ኢዋናጋ ቀና ሳይል። ካሊፐሩን በጨርቁ እንዳለ ወደፊት ገፋው።

ሃያቶ አባቱን አየ። አባቱ በአገጩ «አውርደው፣ ይሄን ሰውዬ እናሳርፈው» የሚል ምልክት ሰጠው። ልጁ ፍሬሙን ከግድግዳው አውርዶ ጭኑ ላይ አጋደመው። ከመሀል እስከ መሀል ለካ። እንደገና ለካ። ውጭ የድንች ጥብስ የሚሸጥ መኪና በድምፅ ማጉያው እየተጣራ አለፈ።

«ስንት ነው?» አለ ማሳሃሩ።

«አምስት መቶ ሠላሳ።»

«ደግመህ ለካ።»

«ደግሜያለሁ። አምስት መቶ ሠላሳ ነው፣ አባባ።»

ማሳሃሩ ፍሬሙን አላየም፤ ልጁንም አላየም። የራሱ በማይመስል ቀጭን ድምፅ፣ «የወገቤን ነገር ማን ነገረህ?» አለ።

«ጫማህ። ሳትጎነበስ ነው ያወለቅከው።»

«ጫማዬ።»

«አዎ።»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት ያንን ቁጥር ለሰው ሁሉ ስሰብክ ቁጭ ብለህ ሰማኸኝ።»

«አዎ።»

«ለልጄ ሳወርሰውስ?»

«አዎ። ፈርቼ ነው።»

«ሂድ ከፊቴ» አለ ማሳሃሩ።

ኢዋናጋ ካሊፐሩን ጠቅልሎ ወጣ። አጥሩ በር ላይ ሲደርስ ሃያቶ የጣፋጩን ሣጥን ሳይፈታ ይዞ ተከተለው። አባቱ አልተቀበለውም ማለት ነው። ልጁ ሣጥኑን መለሰለት።

«አሥራ ሁለት ዓመት» አለ። «የህመም ማስታገሻ ሳልውጥ የተነሣሁበት ጠዋት የለም። ሚስቴ ካልሲዬን ታጠልቅልኛለች። ደግሞ እኔ፣ ሰነፍ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር።»

ኢዋናጋ ሣጥኑን በሁለት እጁ ይዞ ጎነበሰለት።

«ነገ እመጣለሁ» አለ ሃያቶ። «ይለኩኝ። ቁጥሬን አላውቀውም።»

ኢዋናጋ ሰው ለክቶ አያውቅም ነበር፤ ቁጥር ይዘው ይመጡለታል እንጂ። በማግስቱ ፉሳኤ የልብስ ስፌት ሜትሯን አምጥታ አንዱን ጫፍ ያዘችለት። ክንዱን፣ ጭኑን፣ ከዳሌ እስከ ትከሻ ያለውን ለኩ፤ አሮጌ ብስክሌት ላይ አስወጥተው ጀርባው የሚያርፍበትን ቦታ እስኪያገኙ መሪውን ስንት ጊዜ አቀረቡ፣ አራቁ። ሲጨርሱ አምስት መቶ ሃያ ሁለት ሆነ። ሃያቶ ወረቀቱ ላይ የቀድሞውን ቁጥር በሁለት መስመር ሰረዘ፤ አዲሱን ከላይ ጻፈ። ማኅተሙን ከማሳረፉ በፊት ትንሽ ቆየ። የሰረዘው አባቱ ያወረሰውን ቁጥር ነው፤ ያ ቀላል ነገር አይደለም።

ኢዋናጋ ወረፋ የያዙትን ሁሉ ስልክ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀና የሃያቶን አስቀደመ። በሕይወቱ እንዲህ ተጠንቅቆ አልሠራም። ነሐሱ ቀልጦ በመጋጠሚያው ዙሪያ ሲሰርግ ትንፋሹን ይዞ ያያል፤ በሞረድ ሲያለሰልስ ጣቱ የምታገኘው ሸካራ እስኪጠፋ አይተወውም። ዓይኑ ስለደከመ በጣቱ ነበር የሚያየው። ፍሬሙ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ አዛሊያው ሊፈነዳ ሲል አለቀ። ቀለሙን ምን ላድርገው ብሎ ሲጠይቀው ሃያቶ «ቀይ ብቻ አይሁን» አለ። ሰማያዊ ሆነ።

ጋዜጣው ላይ ቁጥሮቹ መለወጥ ጀመሩ። አምስተኛ። አራተኛ። ሦስተኛ። ኢዋናጋ እያንዳንዱን በቀይ እርሳስ ያከብበዋል፤ ፉሳኤ ሻዩን ስታቀብለው ሳትጠይቀው ፊቱን አይታ ታውቃለች። ማሳሃሩ ግን ልጁን ማሠልጠን ትቷል ተባለ። ደጁ ላይ ያለው አዛሊያ ሳይከረከም አበበ፣ ረገፈ።

የመጨረሻው ውድድር በሰኔ መጨረሻ እዚያው ኩሩሜ ነበር። ኢዋናጋ የሠራው ፍሬም ሲወዳደር ሄዶ አይቶ አያውቅም፤ በዚያ ቀን ግን ፉሳኤን አስከትሎ ሄደ። ዝናቡ አላባራም። አጥሩ ጋ ፕላስቲክ የለበሱ አሮጌ ተወራራጆች ትኬታቸውን በብብታቸው ይዘው ተደርድረዋል።

«ኩሮጊ!» አለ አንዱ ጥርስ የሌለው። «አባትህ ቢሆን እስካሁን አሸንፎ ገላውን ታጥቦ ነበር!»

«ተወው እባክህ» አለ ሌላው። «እሱ እኮ የመጣው ሊሰናበተን ነው። መሀረብ ያዝለት!»

ፉሳኤ ዞር ብላ፣ «አንተ መጀመሪያ ለጥርስህ መሀረብ ያዝ» አለችው። ሰዎቹ ሳቁ፤ ጥርስ የሌለውም አብሮ ሳቀ።

ኢዋናጋ አልሳቀም። ከመሙ ወዲያ ማዶ፣ በጥምዙ በኩል፣ ማሳሃሩ ጃንጥላ ሳይዝ ብቻውን ቆሞ አይቶታል። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት የወደቀበት ጥምዝ ነው። ሁለቱም ተያዩ፤ ማንም ለማንም እጅ አልነሳም።

ደወሉ ተደወለና የመጨረሻው ዙር ሆነ። ሃያቶ ሰባተኛ ነበር። ጥምዙ ላይ ጀርባውን ዘርግቶ ዝቅ አለ፤ እንደዚያ ዝቅ ብሎ ማንም አይቶት አያውቅም። ከውጭ በኩል አንዱን አለፈ፣ ሁለቱን፣ ሦስቱን። ትከሻ ሲገፉት ገፋ። ጥርስ የሌለው ሰውዬ ትኬቱን ረስቶ «ኩሮጊ! ኩሮጊ!» እያለ አጥሩን ይደበድባል። መስመሩን ሲያልፍ አንደኛ ነበር፤ በግማሽ ጎማ።

ሃያቶ ፍጥነቱን አብርዶ አጥሩ ሥር ሲያልፍ ኢዋናጋን አየው። ዝናቡ ከራስ ቁሩ ላይ ይወርዳል።

«ኢዋናጋ ሳን!» ብሎ ጮኸ። «አላመመኝም!»

እየሳቀ ነበር። ኢዋናጋ ያንን ሳቅ ሊችለው አልቻለም፤ አጥሩን ይዞ ወደ መሬት አየ። ፉሳኤ ጃንጥላውን ወደ እሱ አዘነበለችው።

ነጥቡ ሲደመር አልበቃም። ሦስት ወር የሦስት ጊዜውን ጉድለት አይመልስም፤ ትንሽ ነበር የቀረው፣ ግን ቀረ። በሐምሌ ዝርዝሩ ሲወጣ የኩሮጊ ሃያቶ ስም ከመዝገብ ወጥቶ ነበር። ሃያቶ በስልክ ነገረው፤ ለአንድ የዕቃ ማመላለሻ ድርጅት ሾፌር ሊሆን መቀጠሩንም ነገረው። ፍሬሙን አልሸጠውም። ድምፁ ረጋ ያለ ነበር። ኢዋናጋ ግን ስልኩን ዘግቶ ሞርሳው ላይ ተደግፎ አለቀሰ፤ ሰባ አራት ዓመቱ ሆኖ፣ በቀን ብርሃን፣ በሩ ክፍት ሆኖ አለቀሰ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሙቀቱ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲያንቀጫቅጨው፣ ማሳሃሩ መጣ። ሰላም አላለም።

«የኔን ወረቀቶች አውርድ።»

ኢዋናጋ መሰላል ላይ ወጥቶ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አወረደ። አሥራ አንድ ወረቀት ሆኑ፤ የቆዩት ጠርዛቸው ቢጫ ሆኗል። ማሳሃሩ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ሊቀመጥ ሲል ቆም አለ። ከዚያ ጎነበሰ። ወገቡ እንደማይታዘዝ ሁለቱም እያወቁ፣ እያቃሰተ፣ ጫማውን በእጁ አወለቀ። ኢዋናጋ ሊረዳው እጁን ዘረጋና መለሰው።

ማሳሃሩ ብዕር አወጣ። የመጀመሪያውን ወረቀት ከፊቱ አድርጎ አምስት መቶ ሠላሳ አምስትን በሁለት መስመር ሰረዘ፤ ከላይ አምስት መቶ ሠላሳ ብሎ ጻፈ። ማኅተሙን ቀይ ቀለሙ ላይ ተጭኖ ስረዛው ላይ አሳረፈ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። አልቸኮለም፤ እያንዳንዱን ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ ብሎ ወደ ጎን ያደርገዋል። ኢዋናጋ ተንበርክኮ እየተቀበለ በየዓመቱ አስቀመጠ። አሥራ አንደኛው ሲያልቅ ማሳሃሩ ማኅተሙን እንደገና ቀለም ነክሮ ጠበቀ።

«የልጄስ?»

ኢዋናጋ የየካቲቱን ወረቀት አቀረበለት። ማሳሃሩ የልጁን ሁለት መስመሮችና የልጁን ማኅተም አየ።

«ይሄ ተስተካክሏል» አለ። «ሌሎቹ። የአሥራ ሁለቱ ዓመት።»

«እዚህ የሉም። እዚያኛው ሠሪ ጋ ናቸው። እነሱም ላይ ያለው ማኅተም የሃያቶ ነው፤ አንተ ልትሰርዛቸው አትችልም።»

«ቁጥሩ ግን የኔ ነው» አለ ማሳሃሩ።

ማኅተሙን የሚያሳርፍበት ነገር እንዳጣ በጁ ጨብጦ ተቀመጠ። ፉሳኤ ያመጣችው ሻይ ቀዘቀዘ። ሲሄድ መዳፉ ቀይ ሆኖ ነበር፤ ፎጣ ብታቀብለውም አልተቀበላትም።